ተቀናቃኝን ማብሸቅ ሀገርን መክዳት አይደለም

ሰሞኑን ስለ አየርላንድ ክለቦች ደጋፊዎች የተጻፈ አንድ መጣጥፍ እጅ በእጅ ሲዞር ከርሟል። ደብሊን እንደምኖርና አርብ ማታ ከኳስ ሜዳ እንደማልጠፋ የሚያውቁ ወዳጆቼ "አየኸው?" እያሉ ልከውልኛል። ረጋ ብዬ አነበብኩት። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ ቁም ነገሩ ላይ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝ የሚወቅሳቸውን ሰዎች ስለማውቃቸው ነው።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንድ የአየርላንድ ክለብ በአውሮፓ ውድድር ሲጫወት የተቀናቃኞቹ ደጋፊዎች ሽንፈቱን ይመኛሉ፤ ሲሸነፍ ይጨፍራሉ፤ በዘፈንና በባነር ያበሽቁታል። ጸሐፊው ይህን "ሀገርን መክዳት" ይለዋል። አንደኛ፣ አንድ ክለብ የሚያመጣው ነጥብ ለሁሉም ስለሚጠቅም ሽንፈቱን የሚመኝ ሰው የራሱንም ክለብ ይጎዳል ይላል። ሁለተኛ፣ ብሽሽቅ ወደ ድብድብ ይወስዳል፤ የ1979ኙ የደንዳልክና የሊንፊልድ ጨዋታ ምስክር ነው ይላል። ሦስተኛ፣ ሊጉ ትንሽ ሆኖ የቀረው ደጋፊው እርስ በርሱ ስለሚናቆር ነው ባይ ነው። አራተኛ፣ እነዚሁ ሰዎች ለብሔራዊ ቡድናቸው አንድ ሆነው ዓለም ያጨበጨበላቸው ናቸውና ለክለብ ሲሆን ምን ነካቸው ሲል ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ ወደ እኛ ዞሮ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ከዚህ ጥፋት ይማር ይላል። (ጸሐፊው የተጠቀመባቸውም እኔ የምጠቅሳቸውም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከነጥቡ ልጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር (ዩኤፋ) ለሀገራት ደረጃ የሚሰጠው ክለቦቻቸው በአምስት ዓመት ውስጥ ባመጡት ውጤት ነው። በዋናው ዙር ማሸነፍ ሁለት ነጥብ፣ አቻ መውጣት አንድ ነጥብ ያስገኛል፤ በማጣሪያው የዚህ ግማሽ። የዓመቱ ነጥብ ተደምሮ ሀገሪቱ ባሰለፈቻቸው ክለቦች ቁጥር ይካፈላል። አየርላንድ በአውሮፓ ውድድር የምታሰልፋቸው ክለቦች አራት ናቸው። ስለዚህ የደብሊኑ ሻምሮክ ሮቨርስ በ2024 መጨረሻ ቦራች ባንያ ሉካን 3 ለ 0 ሲረታ ያመጣው ነጥብ ለአራት ተካፍሎ በሀገሪቱ ሂሳብ ላይ ገብቷል። ያ ሂሳብ ሲያድግ ከጊዜ በኋላ የከተማ ተቀናቃኙ ቦሄሚያንስም ደሪ ሲቲም የተሻለ ዕጣ ሊገጥማቸው ይችላል። ይህን አልክድም።

ከዚህ ተነስቶ "ሽንፈቱን የተመኘ ሰው ክለቡን ጎዳ" ማለት ግን ውሃ አያነሳም። ነጥቡን የሚያመጡት ሜዳ ላይ ያሉት ተጫዋቾች ናቸው። ሰሜን ደብሊን ውስጥ ቁጭ ብሎ "ይሸነፉ" ያለ ሰው ከሮቨርስ ላይ ሽራፊ ነጥብ አልቀነሰም። ጸሐፊው ምኞትንና ድርጊትን አንድ አድርጎ ነው የቆጠረው። ደጋፊው ቡድኑን ሜዳ እንዳይገባ ከልክሎ ቢሆን፣ ተጫዋቾቹን በሆቴላቸው ሌሊቱን ሙሉ ረብሾ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። ስክሪን ላይ ማፏጨት ግን ማንንም አይጎዳም።

ሰዎቹ እንዴት እንደሚያዩት በቅርብ ላሳያችሁ። በዲሴምበር 2024 ሮቨርስ በኮንፈረንስ ሊግ ለንደን ሄዶ ከቼልሲ ጋር ሲጫወት እኔ ከቦሄሚያንስ ሜዳ፣ ከዳሊማውንት ፓርክ፣ ብዙም በማይርቅ መጠጥ ቤት ነበርኩ። ሰፈሩ የቦሄሚያንስ ነው። ቀይና ጥቁር ስካርፍ ያደረጉ ሰዎች አንዱን ጥግ ይዘዋል። ቼልሲ የመጀመሪያዋን ጎል ሲያገባ እዚያ ጥግ ጩኸት ቀለጠ። ማርከስ ፑም ለሮቨርስ አቻ ሲያደርግ ጸጥ አሉ። ከመሃላቸው አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ግን አገጫቸውን ነቅነቅ አድርገው ጎሏ ጥሩ እንደሆነች ለጎናቸው ሰው ነገሩት። ጨዋታው 5 ለ 1 አለቀ። ዘፈኑ ወጣ። ዘፈኑ ጋብ ሲል ስልኮች ወጡ። ሮቨርስ በዚህ ሽንፈትም ቢሆን ወደ ቀጣዩ ዙር ማለፉን፣ የሀገሪቱ ነጥብ ስንት እንደደረሰ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያ ለቦሄሚያንስ ምን ማለት እንደሆነ እየደመሩ ይከራከሩ ጀመር። ሽንፈቱን ሲመኙ ያመሹት ሰዎች ስለ ነጥቡ ስሌት ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ጸሐፊው "አያውቁም" ብሎ የሚያስባቸው እነዚህን ነው።

የዚያን ምሽት ሌላው ጥግም ሊነገር ይገባዋል። እዚያ ሰማያዊ ማልያ የለበሱ የደብሊን ልጆች ነበሩ። እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው። ለእያንዳንዷ የቼልሲ ጎል ከወንበራቸው ይነሳሉ። የቦሄሚያንሱ ሰው ሮቨርስ እንዲሸነፍ የፈለገው ሮቨርስን ስለሚያውቀው ነው። እነሱ ደግሞ ሮቨርስን ከነጭራሹ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ጸሐፊው ስለ "ክህደት" ሲጽፍ ስለ መጀመሪያዎቹ ብዙ አንቀጽ አፍስሷል፤ ስለ ሁለተኞቹ አንድ ቃል የለውም። እኔ ማልያው ያማረውን ሰው አልወቅስም፤ ኳስ የወደደ የወደደውን ይደግፍ። ግን ለአየርላንድ ሊግ ማን ነው ገንዘቡንና አርብ ማታውን የሚሰጠው? ቦሄሚያንስ በአባላቱ ባለቤትነት የሚተዳደር ክለብ ነው። ያ ዘፋኝ ጥግ በየዓመቱ መዋጮውን ይከፍላል፣ በዝናብ ይቆማል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። ከሊጉ ምሰሶዎች አንዱን "ከዳተኛ" ማለት ያሳዝናል።

ገንዘብም አለ፤ ጸሐፊው ጭራሽ አላነሳውም። ለአየርላንድ ክለብ በአውሮፓ ዋና ዙር መግባት ማለት ከሊጉ ሽልማት ጋር የማይወዳደር ገንዘብ ማለት ነው። ያ ገንዘብ የሚገባው ለአንድ ክለብ ካዝና ነው። በቀጣዩ ዓመት ያ ክለብ የተሻለ ተጫዋች ይገዛል፣ አንተን ደግሞ በሊጉ ይደበድብሃል። ደንዳልክ በ2014፣ 2015፣ 2016፣ 2018 እና 2019 ሻምፒዮን ሆነ። ሮቨርስ ከ2020 እስከ 2023 አራቱንም ዓመት ወሰደ። የሌላ ክለብ ደጋፊ ይህን እያየ "አትርፉ፣ በርቱ" እንዲል መጠበቅ ከባድ ነው። ነጥቡ ለአራት ይካፈላል፤ ገንዘቡ እንደዚያ አይካፈልም። ስለዚህ የተቀናቃኙ ምኞት ጸሐፊው እንዳለው ጭፍን ቅናት ብቻ ሆኖ አልታየኝም። ደጋፊው ለክለቡ ማሰቡ ነው።

"ሀገር" የሚለው መለኪያ ደግሞ አየርላንድ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ደሪ ሲቲን እንውሰድ። ከተማው በሰሜን አየርላንድ ውስጥ ነው፤ ማለትም በብሪታንያ ግዛት ሥር። ክለቡ ግን ከ1985 ጀምሮ የሚጫወተው በአየርላንድ ሪፐብሊክ ሊግ ነው። በ2006 ደሪ በዩኤፋ ካፕ ጎተቦርግን ጥሎ፣ የስኮትላንዱን ግሬትና እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ 5 ለ 1 ቀጥቶ፣ ከፓሪ ሴንት ዠርመን ጋር በራሱ ሜዳ 0 ለ 0 ወጥቷል። ያ ነጥብ የተመዘገበው ለሪፐብሊኩ ነው። እንግዲህ የደሪ ሰው የትኛውን ሀገር ነው የሚክደው? የቤልፋስት ሰው ለደሪ ማጨብጨብ አለበት ወይስ የለበትም? የደብሊኑስ? መልሱን ከፓስፖርት ላይ አታገኙትም። ሰዎቹ የሚደግፉት ሰፈራቸውን፣ ከተማቸውን፣ አባታቸው እጃቸውን ይዞ የወሰዳቸውን ሜዳ ነው። የክለብ ውድድር ሲፈጠርም በክለብ ስም ነው የተፈጠረው።

አሁን ወደ 1979 ልለፍ፤ የጸሐፊው ትልቁ ማስረጃ እሱ ነው። በተነበበበት ሁሉ ሰው ላይ የቀረውም ይሄ ክፍል ይመስለኛል። ጸሐፊው የነገረን የጨዋታውን ሁከት ነው። ከጨዋታው በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት የሆነውን አልነገረንም።

ደንዳልክ ከድንበሩ አጠገብ፣ በሪፐብሊኩ በኩል ያለች ከተማ ናት። ሊንፊልድ የቤልፋስት ክለብ ነው፤ ደጋፊዎቹ በአብዛኛው ከብሪታንያ ጋር መቆየትን የሚሹ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ሁለቱ በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ማጣሪያ ተደለደሉ። ኦገስት 27 ቀን 1979 አይአርኤ፣ ሰሜን አየርላንድን ከብሪታንያ ለመነጠል ይዋጋ የነበረው ታጣቂ ቡድን፣ የብሪታንያ ንጉሣውያን ቤተሰብ አባል የሆኑትን ሎርድ ማውንትባተንን በስላይጎ ባሕር ዳርቻ ጀልባቸው ላይ ፈንጂ አፈንድቶ ገደለ። በዚያው ቀን በዋረንፖይንት አቅራቢያ አድፍጦ 18 የብሪታንያ ወታደሮችን ገደለ። ዋረንፖይንት ከደንዳልክ የአጭር መንገድ ጉዞ ነው። ጨዋታው የተካሄደው በ29ኛው ቀን ነው። ሰው ገና አልተቀበረም። በአውቶቡስ የመጡ የሊንፊልድ ደጋፊዎች በዚያ ድንበር አልፈው የደንዳልክ ሜዳ ኦሪየል ፓርክ ገቡ። ድንጋይ ተወረወረ፣ ፖሊስና ደጋፊ ተጋጨ፣ ብዙ ሰው ተጎዳ። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። የመልሱ ጨዋታ ከቤልፋስት ተነስቶ ኔዘርላንድስ፣ ሃርለም ውስጥ ተደረገ። ደንዳልክ 2 ለ 0 አሸንፎ አለፈ፤ በኋላም እስከ ሴልቲክ ድረስ ተጉዞ በድምር 3 ለ 2 ተሰናበተ።

ይህን ሁሉ አንብቦ "ብሽሽቅ ያመጣው ነው" ማለት እንዴት ይቻላል? የሁለቱ ክለቦች ደጋፊዎች የየራሳቸው ሊግ ሰዎች ናቸው። በየሳምንቱ አይገናኙም። በመካከላቸው ተረብ የሚያድግበት ጊዜ እንኳ አልነበረም። የነበረው አሥር ዓመት ያስቆጠረ የደም ግጭት ነው፤ ኳሱ መሃሉ ላይ ወደቀ እንጂ አልቀሰቀሰውም። በ1984 ቦሄሚያንስ ሬንጀርስን ዳሊማውንት ላይ 3 ለ 2 ሲያሸንፍ የተነሳው ረብሻም ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው፤ የሬንጀርስ ደጋፊም እንደ ሊንፊልድ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው፤ ክለቡ ደግሞ የስኮትላንድ ስለሆነ ለጸሐፊው "የእርስ በርስ" ክርክር ጨርሶ አይሆንም።

በአንጻሩ ጸሐፊው ያላነሳቸውን ልጥቀስ። በዚያው በ1984 ሻምሮክ ሮቨርስና ሊንፊልድ በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ተገናኙ። ቤልፋስት ላይ 0 ለ 0፣ ደብሊን ላይ 1 ለ 1። ሊንፊልድ ከሜዳ ውጭ ባገባት ጎል አለፈ። የመልሱን ጨዋታ ወደ ሌላ ሀገር መውሰድ አላስፈለገም። በ2005 የደብሊኑ ሼልበርንና የቤልፋስቱ ግሌንቶራን ተጫወቱ። በ2025 ደግሞ ሼልበርንና ሊንፊልድ በአንድ የውድድር ዓመት ሁለት ጊዜ ተደልድለው፣ በጁላይና በኦገስት አራት ጨዋታ አደረጉ፤ መጀመሪያ በቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ በኮንፈረንስ ሊግ። ሁሉም በየራሳቸው ሜዳ፣ ቶልካ ፓርክና ዊንድዘር ፓርክ ላይ ነበር። ሁለቱንም ሼልበርን አለፈ። ከሃርለም እስከዚህ ድረስ የተለወጠው የደጋፊው ምላስ አይመስለኝም፤ የ1998ቱ የሰሜን አየርላንድ የሰላም ስምምነት ነው በመሃል የገባው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነገር አለ፤ ከልቤ ነው የምሰጠው። በእነዚህ ሜዳዎች እስከ ዛሬ የሰው ሃይማኖት የሚሰድብ፣ የሞተ ሰው ስም እያነሳ የሚዘፍን አለ። እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። ያ ብሽሽቅ አይባልም፣ ማንም እንደ ጨዋታ ሊሸፍነው አይገባም። ክለቦቹ እንዲህ ያለውን ሰው ከሜዳ ቢያባርሩ ቀድሜ የማጨበጭብ እኔ ነኝ። ጸሐፊው በዚህ ላይ ብቻ ቢጽፍ ኖሮ መልስ አልጽፍም ነበር። ችግሩ ያንንና የቦሄሚያንስ ደጋፊዎች ሮቨርስን የሚያበሽቁበትን "ቤት አልባዎች" የሚለውን ዘፈን በአንድ ማሰሮ መክተቱ ነው።

ስለዚያ ዘፈን ትንሽ ልበል፤ ጸሐፊው እንደ ጭካኔ ማሳያ አቅርቦታል። ሻምሮክ ሮቨርስ ደብሊን፣ ሚልታውን ውስጥ ግሌንማሉር ፓርክ የሚባል ሜዳ ነበረው። በ1987 ባለቤቶቹ ሸጡት። ከዚያ በኋላ ክለቡ ደብሊን ዳር ታላ ውስጥ አዲሱ ስታዲየም እስኪገባ ድረስ፣ ማለትም እስከ 2009፣ በሰው ሜዳ ሲንከራተት ኖረ። የቦሄሚያንስ ደጋፊ ያንን ቁስል እየነካካ ዘፈነ። ያማል፤ አዎ። ግን ልብ በሉ፤ ይህን ዘፈን ለመዝፈን ሜዳው መቼ እንደተሸጠ፣ ማን እንደሸጠው፣ የት የት እንደዞሩ ማወቅ ያስፈልጋል። የሮቨርስ ሰው ደግሞ ቦሄሚያንስ የመጨረሻውን ሊግ የወሰደው በ2009 መሆኑን፣ ዳሊማውንትም ለከተማው አስተዳደር መሸጡን አብጠርጥሮ ያውቃል። ተቀናቃኝህን ለማብሸቅ ታሪኩን ከራሱ እኩል መያዝ አለብህ። የአየርላንድ ጋዜጦች ለእንግሊዝ ሊግ ገጽ በገጽ ሲሰጡ የሮቨርስን የስደት ዓመታት በቃሉ ይዞ የኖረው ማን ነው? የሮቨርስ ሰዎችና የቦሄሚያንስ ሰዎች። ሮቨርስ በ2011 ቤልግሬድ ላይ ፓርቲዛንን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፎ በአውሮፓ የምድብ ጨዋታ የገባ የመጀመሪያው የአየርላንድ ክለብ ሲሆን፣ የደረሰበትን ርቀት ያለ ማንም አስረጂ የተረዳው ዳር ሆኖ የሚያየው ሰው አልነበረም። ያ ሲያበሽቀው የኖረው ተቀናቃኝ ነው።

በ2016 ያየነውም ከዚህ አይርቅም። የደንዳልክ ሜዳ የዩኤፋን መስፈርት ስላላሟላ ቡድኑ ታላ ውስጥ፣ ሮቨርስ በሚጫወትበት ስታዲየም ነበር በሜዳው ሊያደርጋቸው ከሚገቡት የአውሮፓ ጨዋታዎች አብዛኞቹን ያደረገው። እዚያ ባቴ ቦሪሶቭን 3 ለ 0 ረታ። እዚያው ማካቢ ቴል አቪቭን በኪልደፍ ጎል 1 ለ 0 አሸነፈ። የሮቨርስ ደጋፊ የራሱ ወንበር ላይ የደንዳልክ ሰው ሲጨፍር እያየ ምን ሊሰማው ነው? እጁን አጣምሮ እንዲደሰት መጠየቅ ስለ ኳስ ምንም አለማወቅ ነው። ጥርሱን ነከሰ፣ ተረበ፣ ቀጣዩን የሊግ ግጥሚያ ጠበቀ። ከዚህ በላይ ያደረገው ነገር የለም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ሊጉን ያቀጨጨው ይህ ነው የሚለው፣ ብዙ ጊዜ አይወስድብኝም። የሊጉ ታሪክ ትልቁ የተመልካች ቁጥር የተመዘገበው መቼ ነው? በፌብሩዋሪ 2025፣ ደብሊን አቪቫ ስታዲየም፣ 33,208 ሰው። ተጋጣሚዎቹ ቦሄሚያንስና ሻምሮክ ሮቨርስ ናቸው። በ2023 የኤፍኤአይ ካፕ (የአየርላንድ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍጻሜ 43,881 ሰው ገብቷል፤ ሴንት ፓትሪክስ ከቦሄሚያንስ፣ ሁለት የደብሊን ክለቦች። ስታዲየም የሞላው ጸሐፊው ሊያጠፋው በሚፈልገው ነገር ነው።

ክለቦቹን በእርግጥ የጎዳቸው ሌላ ነው። ሼልበርን በ2004 ሃይዱክ ስፕሊትን ጥሎ፣ በዚያው ዓመት የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ከተጫወተው ዴፖርቲቮ ላ ኮሩኛ ጋር ላንስዳውን ሮድ ላይ 0 ለ 0 ወጣ። ሀገር ጉድ አለ። ወደዚያ ደረጃ ለመመለስ ከአቅም በላይ ከፈሉ። በ2006 ሻምፒዮን ሆኑ፤ ወዲያው በዕዳ ምክንያት ወደ ታችኛው ሊግ ወረዱ። ድሮሄዳ በ2008 ዳይናሞ ኪየቭን እስከ መጨረሻው አስጨንቆ በድምር 4 ለ 3 ተሸነፈ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ኪሳራ ደጁን አንኳኳ። ደንዳልክ ራሱ፣ ያ የ2016 ደንዳልክ፣ በ2024 ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር፣ ከሊጉም ወረደ። የአውሮፓን ገንዘብ እንደ ደመወዝ ቆጥሮ መኖር ነው የጣላቸው። ከተቀናቃኝ ዘፈን የተነሳ የከሰረ ክለብ እስካሁን አላየሁም።

ስለ ብሔራዊ ቡድኑ የተባለው እውነት ነው። በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ የአየርላንድ ደጋፊዎች በጨዋነታቸው የፓሪስ ከተማን ሜዳሊያ አግኝተዋል። ግን ሜዳሊያው የተሰጠው ለሁለት ቡድኖች ደጋፊዎች ነው፤ ለሪፐብሊኩና ለሰሜን አየርላንድ፣ ለየራሳቸው ቡድን የመጡ። እነሱ የተመሰገኑት የሌላውን ቡድን ስለደገፉ አይደለም፤ የራሳቸውን ሲደግፉ ሰው ስላላስከፉ ነው። ይኸው መለኪያ ለክለብም ይበቃል።

የአንድ ምሽት አንድነት ምን እንደሚያመጣም አይተነዋል። በዚያው በ2016 ደንዳልክ በቻምፒየንስ ሊግ በር ላይ ሌጊያ ዋርሶን አቪቫ ላይ ሲገጥም 30 ሺህ ገደማ ሰው ገባ። አብዛኛው የደንዳልክ ሰው እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ኦሪየል ፓርክ የሚይዘው ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። ለሀገር ሲባል መጡ፣ ዘመሩ፣ ደንዳልክ 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባሉት አርቦች ኦሪየል ፓርክ የነበሩት የድሮዎቹ ናቸው። ከተቃራኒው ጎን ደግሞ የሚያበሽቋቸው። በመጡት ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ጥሩ ምሽት ነበር። ሊጉን ግን እነሱ ላይ መገንባት አይቻልም።

የመጨረሻው ለእኛ የተሰጠው ምክር ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2017 በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሲሆን ሁሉም የቡና ደጋፊ ደስ አላለውም። ቡና በ1998 አል አህሊን ከውድድር ሲያስወጣም የጊዮርጊስ ሰው ሁሉ አልጨፈረም። ጸሐፊው ይህን በሽታ ይለዋል። እኔ ሸገር ደርቢን ሸገር ደርቢ ያደረገው ይሄ ነው እላለሁ። የቡና ደጋፊ የአል አህሊዋን ድል እስከ ዛሬ የሚያነሳት ጊዮርጊስ ስላለ ነው፤ የሚነግረው ሰው ባይኖር ይረሳት ነበር። ደስ ያለው ለተቀናቃኙ ያጨብጭብ፤ ያም ያስመሰግናል። ያላጨበጨበውን ግን "ሀገርህን አትወድም" የማለት መብት ማንም የለውም።

በእኛ ሊግ ጨዋታ ሲሰረዝ፣ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር፣ አውቶቡስ በድንጋይ ሲደበደብ ያየንባቸው ዓመታት ነበሩ። ያኔ ስታዲየም የገባው የብሔር ፖለቲካ ነው፤ ከ1979 ኦሪየል ፓርክ ጋር የሚመሳሰለውም እሱ ነው። ጸሐፊው ብዕሩን ወደዚያ ቢያዞር ጽሑፉን ለምታውቁት ሁሉ ላኩ እላችኋለሁ። የቡናን ጨዋታ ለማየት ሳንቲም አጠራቅሞ፣ በተራው የጊዮርጊስን ሽንፈት ለማየት ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጠውን ልጅ ግን ይተወው።